ሰንበሌጥ

ሰንበሌጥ (ሰምበሌጥ ተብሎም ይጻፋል) በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ በብዛት የሚበቅል ረጅም የዱር ሣር ነው። በሳይንሳዊ ምደባ ሂፓሬኒያ በሚባለው የሣር ወገን ውስጥ ይገኛል። ይህ ወገን ከ55 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ የሐሩር አፍሪካ ተወላጆች ናቸው። በኢትዮጵያ ገጠር ሰንበሌጥ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በቤት ክዳንነቱ ነው።

በአማርኛ ሰንበሌጥ የሚለው ስም አንድን ዝርያ ብቻ አያመለክትም። በአንድ ተዳፋት ላይ ሰንበሌጥ ተብሎ የሚታጨደው ሣር ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ ሊሆን ይችላል። ከዝርያዎቹ አንዳንዱ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ነው፤ ሌላው ለብዙ ዓመታት ከሥሩ እያቆጠቆጠ ይኖራል። አንዱ ከሰው ጉልበት ብዙም አያልፍም፤ ሌላው ከሰው ቁመት በላይ ይረዝማል። ልዩነቱ ለክዳን ሠሪ፣ ለከብት አርቢና የተራቆተ ተራራን አገግሞ ለማየት ለሚሠራ ሁሉ ትርጉም አለው።

የስሙ አመጣጥ

ሂፓሬኒያ የሚለው ሳይንሳዊ ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። የመጀመሪያው «ከታች»፣ ሁለተኛው «ወንድ» ማለት ነው። ስሙ የሚያመለክተው የወገኑን ዋና መለያ ነው፤ በዛላው ግርጌ ዘር የማይዙ፣ ወንዴ ብቻ ወይም መካን የሆኑ ጥንዶች ይገኛሉ። ዘር የሚይዙት ከእነርሱ በላይ ያሉት ናቸው።

በአማርኛ የሣር ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ከአገልግሎታቸው ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። አክርማና ስንደዶ ለስፌት፣ ሰርዶ ለግጦሽ፣ ጓሳ ለክዳንና ለገመድ፣ ጠጅ ሣር ለመዓዛው ይታወቃሉ። ሰንበሌጥም «የክዳን ሣር» ማለት እስኪመስል ድረስ ከጣራ ጋር ተቆራኝቷል። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ ቦታ የሂፓሬኒያ ወገን ያልሆኑ ረጃጅም የክዳን ሣሮችም ሰንበሌጥ ሲባሉ ይሰማል።

ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ግን ከነጭራሹ ሣር አይደለም። ቄጤማ ሲፐራሴ ከሚባለው ሌላ አስተኔ ሲሆን አገዳው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን አለው። የሰንበሌጥ አገዳ ክብ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሣር አንጓ አንጓ አለው።

ሳይንሳዊ ምደባ

ሰንበሌጥ በዕፅዋት ምደባ ውስጥ ያለው ቦታ የሚከተለው ነው።

አስተኔ፦ የሣር አስተኔ (ፖኣሴ)
ንዑስ አስተኔ፦ ፓኒኮይዴ
ነገድ፦ አንድሮፖጎኒ
ወገን፦ ሂፓሬኒያ

በአንድሮፖጎኒ ነገድ ውስጥ ማሽላ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳም ይገኛሉ። ስለዚህ ሰንበሌጥ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ ለማሽላ የቀረበ ዘመድ ነው። ስንዴና ገብስ ፑይዴ በሚባለው ሌላ ንዑስ አስተኔ፣ ጤፍ ደግሞ ክሎሪዶይዴ በሚባለው ይመደባሉ።

የአንድሮፖጎኒ ነገድ አባላት ምግባቸውን የሚያዘጋጁት «አራት ካርቦን» በሚባለው የብርሃን አስተፃምሮ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ተክሉ ከአየር የሚወስደውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ውስጥ ካከማቸ በኋላ ስለሚጠቀምበት በጠራራ ፀሐይና በሙቀት ጊዜ ብዙ ውኃ ሳያባክን ያድጋል። ስንዴና ገብስ የሚጠቀሙት «ሦስት ካርቦን» የተባለው ዘዴ ለቀዝቃዛ ቦታ ይስማማል። ይህ ልዩነት ሰንበሌጥ የት እንደሚበዛና የት እንደሚያንስ ለመረዳት ይጠቅማል።

የተክሉ ጸባይ

አብዛኞቹ የሰንበሌጥ ዝርያዎች ለብዙ ዓመት የሚቆዩ ናቸው። ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ተጠጋግቶ ይወጣል። በበጋ ላዩ ደርቆ ቢታጨድ፣ ቢጋጥ ወይም ቢቃጠል እንኳ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ስለማይሞት ዝናብ ሲመጣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ነው። ዛላው ሲበስል ከወርቃማ እስከ ቀይ ቡናማ መልክ ይይዛል።

የአበባው አሠራር ከሌሎች ሣሮች የተወሳሰበ ነው። ከታች ወደ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው፦

ሽፋን ቅጠል፦ በአገዳው ጫፍ አካባቢ እያንዳንዱ የዛላ ጥንድ የሚወጣው እንደ ጀልባ ከታጠፈ ትንሽ ቅጠል ውስጥ ነው።

ጥንድ ዛላ፦ ከእያንዳንዱ ሽፋን ቅጠል ሁለት አጫጭር ዛላዎች እንደ ሹካ ተከፍለው ይወጣሉ።

ንዑስ ዛላ፦ በእያንዳንዱ ዛላ ላይ ጥቃቅን ንዑስ ዛላዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። አንዱ ያለ ዘንግ የተቀመጠ ሲሆን ዘር የሚይዘው እርሱ ነው። ሌላው በአጭር ዘንግ ላይ የቆመ ሲሆን ወንዴ ወይም መካን ነው።

የግርጌ ጥንድ፦ በዛላው ግርጌ ሁለቱም ዘር የማይዙ ንዑስ ዛላዎች ይገኛሉ። ወገኑ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ነው።

ጢም፦ ዘር ከሚይዘው ንዑስ ዛላ ረጅም፣ የተጠማዘዘና መሐሉ ላይ የታጠፈ ጢም ይወጣል።

ጢሙ ለዘሩ መትከያ ነው። ሲደርቅ እንደ ገመድ ይከረራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይፈታል። በዚህ መዞር የተነሳ መሬት ላይ የወደቀው ዘር ሹል ግርጌው ወደ አፈር ስንጥቅ እየገባ ይሄዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ በሰንበሌጥ መሐል ያለፈ ሰው ልብስ ላይና የበግ ፀጉር ላይ የሚሰካውም ይኸው የዘሩ ሹል ግርጌ ነው።

የምደባው ታሪክ

የሰንበሌጥ ዝርያዎች ዛሬ ያላቸውን ቦታ ያገኙት ከብዙ መዘዋወር በኋላ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ከዝርያዎቹ አንዱን አንድሮፖጎን ሂርቱስ ብሎ ሰየመ። በዚያን ጊዜ አንድሮፖጎን የሚለው ስም ብዙ የተለያዩ ሣሮችን በአንድ ላይ ያቀፈ ነበር።

ዛሬ ሂፓሬኒያ ሩፋ የሚባለው ዝርያ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። የአፍሪካ ተወላጅ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ከብራዚል በተሰበሰበ ናሙና ነው። ጀርመናዊው ኔስ ፎን ኤዘንቤክ እ.ኤ.አ. በ1829 የብራዚልን ሣሮች ሲገልጽ ትራኪፖጎን ሩፉስ አለው። ሣሩ ከዚያ በፊት ውቅያኖስ ተሻግሮ በደቡብ አሜሪካ ተላምዶ ነበር። ከዚያም ወደ አንድሮፖጎን፣ ቀጥሎም የጠጅ ሣር ወገን ወደሆነው ሲምቦፖጎን ተዛወረ። በመጨረሻ ሂፓሬኒያ ውስጥ ገባ። አንድ ሣር በአራት ወገኖች ስም ተጠርቷል ማለት ነው።

ወገኑን ለይቶ ሂፓሬኒያ የሚል ስም ያወጣለት ስዊድናዊው ኒልስ ዮሐን አንደርሾን ሲሆን ስሙ በደንቡ መሠረት ታትሞ የወጣው በፈረንሳዊው ኢዩጂን ፉርኒዬ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኦቶ ስታፕፍ «የሐሩር አፍሪካ ዕፅዋት» በተባለው ተከታታይ ሥራ ብዙ ዝርያዎችን ወደዚህ ወገን አዛወረ። ሂፓሬኒያ ሂርታና ሂፓሬኒያ ሩፋ የሚሉት የዛሬ ስሞችም የመጡት ከዚህ ሥራ ነው። የወገኑን ዝርያዎች አንድ በአንድ የመረመረው ዋና ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የእንግሊዛዊው ዴሪክ ክሌይተን ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደምት ቦታ አላት። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 አድዋ ውስጥ እስኪሞት ድረስ ብዙ የዕፅዋት ናሙናዎችን ወደ አውሮፓ ልኳል። ከእነዚህና ከሌሎች ሰብሳቢዎች ናሙናዎች በመነሳት ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1851 ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ አንድሮፖጎን አንቲስቲሪዮይዴስ የተባለውን ሣር ገለጸ። ይህ ሣር ዛሬ ሂፓሬኒያ አንቲስቲሪዮይዴስ ይባላል። ከሂፓሬኒያ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለውና በወገኑ ውስጥ አንድ ዝርያ ብቻ የሆነው ኤክሶቴካ አቢሲኒካም ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ ነው።

በአገር ውስጥ ለሣሮች ዋናው ማጣቀሻ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተሰኘው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። ሙሉ በሙሉ ስለ ሣር አስተኔ የሚናገረው 7ኛው ቅጽ በሲልቪያ ፊሊፕስ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል።

ከሚመሳሰሉ ሣሮች መለየት

ሰንበሌጥን አበባ ሳያወጣ ከሌሎች ረጃጅም ሣሮች መለየት አስቸጋሪ ነው። ዛላ ካወጣ በኋላ ግን በእጅ አጉሊ መነጽር የሚከተለውን ቅደም ተከተል መከተል ይቻላል።

1. ቅጠሉን በጣት አሽቶ ማሽተት። የሎሚ ወይም የሚመስል ጠንካራ መዓዛ ካለው ሣሩ የጠጅ ሣር ወገን (ሲምቦፖጎን) ነው። ሰንበሌጥ እንዲህ ያለ መዓዛ የለውም።

2. ዛላው ነጠላ ነው ወይስ ጥንድ? ነጠላ ሆኖ ጥቋቁር ረጃጅም ጢሞቹ ጫፋቸው ላይ እንደ ገመድ እርስ በርስ ከተጠማዘዙ ሄቴሮፖጎን ኮንቶርቱስ የተባለው ሣር ነው። ጥንድ ከሆነ ወደ ቀጣዩ መሄድ ያስፈልጋል።

3. ዘር የሚይዘው ንዑስ ዛላ ዙሪያውን በአራት ወንዴ ንዑስ ዛላዎች እንደ አጥር ተከቧል? ከሆነ ቴሜዳ የሚባለው ወገን ነው።

4. በዛላው ግርጌ ሁለቱም ዘር የማይዙ፣ ጢም የሌላቸው ጥንዶች አሉ? ከሌሉ አንድሮፖጎን ሊሆን ይችላል። ካሉና ጥንዱ ዛላ ከሽፋን ቅጠል ውስጥ ከወጣ ሣሩ ሂፓሬኒያ ነው።

5. ዝርያውን ለማወቅ በአንድ ጥንድ ዛላ ላይ ያሉትን ጢሞች መቁጠር፣ የፀጉሩን ቀለም ማየትና ተክሉ ዓመታዊ መሆን አለመሆኑን ከሥሩ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ዋና ዋና ዝርያዎች

በኢትዮጵያ ከሚገኙት የሂፓሬኒያ ዝርያዎች መካከል የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

ሂፓሬኒያ ሂርታ፦ ቀጭንና ጠንካራ አገዳ ያለው ሲሆን ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር አይበልጥም። በንዑስ ዛላዎቹ ላይ ነጭ ፀጉር አለው። ድንጋያማና ደረቅ ተዳፋትን፣ የመንገድ ዳርንና የተጎዳ መሬትን ይወዳል። ከአፍሪካ አልፎ በሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢና እስከ ፓኪስታን ድረስ ይገኛል።

ሂፓሬኒያ ሩፋ፦ ከ2 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። «ሩፋ» ማለት ቀይ ቡናማ ማለት ሲሆን የተጠራው በፀጉሩ ቀለም ነው። በክረምት ውኃ በሚያቁር ሜዳና በጥቁር አፈር ላይም ይበቅላል።

ሂፓሬኒያ ፊሊፔንዱላ፦ ቀጫጭን ዛላዎቹ ከሽፋኑ ውጭ በክር የተንጠለጠሉ ይመስላሉ፤ ስሙም ይህንኑ ያመለክታል። በአንድ ጥንድ ዛላ ላይ ያሉት ጢሞች ጥቂት፣ አንዳንዴም ሁለት ብቻ ናቸው።

ሂፓሬኒያ ሲምባሪያ፦ ከወገኑ ግዙፎች አንዱ ነው። ሽፋን ቅጠሎቹ አጫጭርና ቀላ ያሉ ሲሆኑ ቅርጻቸው ትንሽ ጀልባ ይመስላል። ስሙ የመጣው ጀልባ ከሚለው የላቲን ቃል ነው።

ሂፓሬኒያ ድሬጌያና፦ በደጋማ የሣር ሜዳዎች የሚገኝ፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ዝርያ ነው። ስሙ በደቡብ አፍሪካ ዕፅዋት ይሰበስብ ለነበረው ድሬጌ መታሰቢያ ነው።

ሂፓሬኒያ አንቲስቲሪዮይዴስ፦ ከላይ ከተጠቀሱት የሚለየው ዓመታዊ በመሆኑ ነው። በየዓመቱ ከዘር በቅሎ ዘር ሰጥቶ ይሞታል።

በብዛት የሚገኝበት

ሰንበሌጥ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ የሣር ምድር ሁሉ ይገኛል። በኢትዮጵያ በደን ጠርዝ፣ በግራር ጫካ ሥር፣ በተዳፋት፣ በማሳ ድንበርና በመንገድ ዳር ይበቅላል።

የከፍታን ተጽዕኖ ለማየት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ላይ በቦርከና ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሐረጎ ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። በዚህ አጭር ርቀት 650 ሜትር ያህል ከፍታ ስለሚጨምር አማካይ የሙቀት መጠኑ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል።

ለውጡ በሰብሉ ላይ በግልጽ ይታያል። ከኮምቦልቻ በታች በሐርቡ በኩል ማሽላ ይበዛል፤ ከደሴ በላይ ባለው ደጋ ገብስ ይነግሣል። የዱር ሣሮችም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። የማሽላ ዘመድ የሆነው ሰንበሌጥ በቆላውና በወይና ደጋው ተዳፋት ይበረታል፤ ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ግን እየቀነሰ ቦታውን ለቀዝቃዛ አገር ሣሮች ይለቃል። በከፍተኛው ደጋ የክዳን ሣር ሆኖ የሚያገለግለው ጓሳ፣ እንደ ገብስና ስንዴ የፑይዴ ንዑስ አስተኔ አባል ነው።

አካባቢው ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ እየቆራረጠ ይዘንባል፤ ዋናው ዝናብ በክረምት ይመጣል። ለብዙ ዓመት የሚቆየው ሰንበሌጥ በበልግ አቆጥቁጦ በክረምት ያድጋል፤ ዛላውን በመስከረምና በጥቅምት አውጥቶ በበጋው ይደርቃል።

የተክሉ ጥቅም

ለቤት ክዳን

ሰንበሌጥ ለክዳን የሚመረጠው አገዳው ረጅም፣ ቀጥ ያለና በቀላሉ የማይበሰብስ ስለሆነ ነው። የሚታጨደው ዘሩን ካራገፈና አገዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ሣር ከተከደነ ይሻግታል። ያለጊዜው የታጨደ ሣር ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ዘር አይተውም።

የታጨደው ሣር በእስር በእስር ታስሮ በሸክም ወደ መንደር ይመጣል። ክዳኑ የሚጀመረው ከታች ከክፈፉ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ረድፍ እየደረበ እስከ ጉልላቱ ይወጣል። ውኃ ከአገዳ ወደ አገዳ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ጣራው በቂ ቁልቁለት ሊኖረው ይገባል። ለጥ ያለ ጣራ ላይ ውኃው ስለሚቆም ሣሩ ቶሎ ይበሰብሳል። ከምድጃ የሚወጣው ጭስም ክዳኑን ያደርቃል፤ ነፍሳትንም ያርቃል። ሰው የማይኖርበት፣ እሳት የማይነድበት ጎጆ ክዳን ቶሎ የሚያረጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቆርቆሮ ከተስፋፋ ወዲህ የሣር ክዳን በከተሞች ቀርቷል፤ በገጠርም እየቀነሰ ነው። ቆርቆሮ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አይፈልግም፤ ለእሳትም አይጋለጥም። የሣር ክዳን ግን ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብም ድምፅ የለውም። ከቆርቆሮው መምጣት ሌላ የሣር ክዳንን ያስቀረው የሣሩ መጥፋት ነው። አንድ ጎጆ ለመክደን ብዙ ሸክም ሰንበሌጥ ያስፈልጋል፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከብት ሳይገባበት የሚቆይ መሬት ከሌለ ይህን ያህል ሣር አይገኝም።

ለከብት መኖ

ሰንበሌጥ ለጋ ሳለ ጥሩ መኖ ነው። አበባ ካወጣ በኋላ ግን አገዳው ይጠነክራል፤ የፕሮቲን መጠኑም በፍጥነት ይወርዳል። የሚያመሰኩ እንስሳት በሆዳቸው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በደንብ እንዲሠሩ መኖው ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። በበጋ የደረቀ ሰንበሌጥ ከዚህ በታች ስለሚወርድ ከብት ሆዱን ሞልቶ እንኳ ሊከሳ ይችላል። ስለዚህ ለመኖ ከሆነ ከማበቡ በፊት ወይም ማበብ ሲጀምር ማጨድ ይመከራል። ለክዳን የሚታጨድበት ጊዜ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ለመኖም ለክዳንም የሚፈልገው ቤተሰብ መሬቱን ከፍሎ ማጨድ አለበት።

ለአፈር ጥበቃ

የሰንበሌጥ ሥር አፈሩን ይይዛል፤ አገዳውና ቅጠሉ ደግሞ የዝናብ ጠብታ መሬቱን በቀጥታ እንዳይመታ ይከላከላል። የሣር ሽፋን ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት በኢትዮጵያ የተካሄደውን የአፈር ጥበቃ ምርምር መመልከት ይቻላል። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ የመሠረቱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያ ጣቢያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተደቡብ በምትገኘው ማይባር ነው። ፕሮግራሙን የመሩት ሐንስ ሁርኒ ለመላ አገሪቱ ባወጡት ግምት ከታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ሲታጠብ ከግጦሽ መሬት የሚታጠበው 5 ቶን ያህል ነው።

በደቡብ ወሎ መመናመኑና ማገገሙ

በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለው የቃሉ ወረዳ የዕፅዋት ሽፋን ለውጥ በጥናት የተመዘገበ ነው። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት በ1958 እና በ1986 የነበረውን የመሬት ሽፋን አነጻጽረዋል። በእነዚህ 28 ዓመታት ውስጥ ደን፣ ቁጥቋጦና የወንዝ ዳር ዕፅዋት ቀንሰዋል፤ በአንጻሩ የተራቆተ ክፍት ቦታና የመኖሪያ ሰፈር ጨምሯል።

በዚሁ ዘመን ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በከባድ ድርቅና ረኃብ ተመትቷል። ከዚያ በኋላ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እርከን ተሠራ፤ ብዙ ተዳፋትም ከከብት ተከልሏል። በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያለው ቦታ «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ይባላል። ነዋሪው ከብቱን ወደ ክልሉ አያስገባም፤ ሣሩን በተወሰነ ጊዜ አጭዶ ወደ ቤት ይወስዳል።

በተከለለ ቦታ ዛፍ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ የሚመለሰው ሣር ነው። ሣሩ በምን ዓይነት ዝርያ እንደሚመለስ ግን ከክለላው በፊት መሬቱ በነበረበት ሁኔታ ይወሰናል። ከመሬት በታች ሥሩ ያልሞተ ዘላቂ ሰንበሌጥ ካለ በመጀመሪያው ክረምት ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ከብት ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት የጋጠውና ሥሩ የተነቀለበት ቦታ ግን የሚጠብቀው በነፋስ፣ በጎርፍና በእንስሳት ፀጉር የሚመጣ ዘር ነው። እንዲህ ባለው ቦታ መጀመሪያ የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ዓመታዊ ሣሮች ናቸው። ዓመታዊ ሣር በክረምት አረንጓዴ ቢያለብስም በበጋ ይሞታል፤ የበልጉ የመጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ አፈሩን አጥብቆ የሚይዝ ሕያው ሥር አይኖርም።

ዝርያን መለየት በተግባር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁለቱም ቁመታም፣ ሁለቱም ወርቃማ፣ ሁለቱም በአማርኛ ሰንበሌጥ ናቸው። ተራራው አገገመ ለማለት ግን ሣሩ ዓመታዊ ይሁን ዘላቂ ከሥሩ መታየት አለበት።

በሌሎች አገሮች

በአገሩ መሬት ጠባቂ የሆነው ሰንበሌጥ በሌላ አህጉር ወራሪ ሆኗል። ሂፓሬኒያ ሩፋ በብራዚል ጃራጓ በሚል ስም የከብት ግጦሽ ሆኖ ተስፋፋ፤ ከዚያም ወደ መካከለኛው አሜሪካ ገባ። በኮስታሪካ ጓናካስቴ ግዛት ጃራጓ በየበጋው እየደረቀ ለሰደድ እሳት ማገዶ በመሆኑ የተመነጠረው ደረቅ ደን እንዳይመለስ አግዶ ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሜሪካዊው ዳንኤል ጃንዘንና ባልደረቦቹ በመሩት የማገገሚያ ሥራ እሳቱ ሲቆም ደኑ ሣሩን እየሸፈነ መመለስ ችሏል።

በአውስትራሊያ ደግሞ ሂፓሬኒያ ሂርታ በኒው ሳውዝ ዌልስ በምትገኘው ኩላታይ መንደር ስም «የኩላታይ ሣር» ይባላል። ከመንገድ ዳር ተነስቶ ወደ ተፈጥሮ የሣር ሜዳዎች በመግባት አገር በቀል ዕፅዋትን ስለሚያፈናቅል ከአስቸጋሪ አረሞች ይቆጠራል። ይህ ዝርያ እዚያ የሚጠላበት ጸባይ፣ ማለትም በድንጋያማና በተጎዳ መሬት ላይ በቅሎ ድርቅን መቋቋሙ፣ በኢትዮጵያ ተዳፋት ላይ ዋነኛ ጥቅሙ ነው።